ኢኩዊላብ፦ 8-8 ይዞ ለሚያመነታ የጅማ ፖከር ተጫዋች ምን ያህል ይጠቅማል?

ኢኩዊላብ በነፃ የሚወርድ፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የፖከር ማስያ ነው። ተጫዋቾቹ የያዙትን ካርታ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ካርታው እስከ መጨረሻው ቢዘረጋ እያንዳንዱ ሰው ከፖቱ (መሐል ላይ ከተሰበሰበው ብር) ስንት ከመቶ እንደሚደርሰው ያሰላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። እዚህ የምንመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በ1 እና በ2 ብር ብላይንድ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስገቡት ብር) በሚካሄድ የቴክሳስ ሆልደም ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይዞ አምስት የጋራ ካርታ በሚዘረጋበት ፖከር፣ የ7-7፣ የ8-8፣ የ9-9 ወይም የ10-10 ጥንድ የደረሰው ሰው መቼ ካርታውን መጣል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳዋል ወይ?

ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ከመዘርጋቱ በፊት ያለ የሌለውን ብር ለሚያስገባ ውሳኔ እጅግ ይረዳል። ከፍሎፕ በኋላ ላለው ውሳኔ የሚረዳው በግማሽ ነው። በርካሽ ገብቶ ሦስተኛዋን 8 ለመጠበቅ በሚደረገው ውሳኔ ላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም። ችግሩ በእነዚህ ትናንሽ ጨዋታዎች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው የመጨረሻው መሆኑ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን አውርዱ እንላለን፤ አጠገቡ ወረቀትና እስክሪብቶ ካልተቀመጠ ግን ግማሽ መሣሪያ ነው።

መካከለኛ ጥንድ ለምን ራስ ምታት እንደሚሆን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሁለት አስ የያዘ ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፤ 3-3 የያዘም በቀላሉ ይጥላል። 8-8 የያዘ ግን ከፍሎፕ በፊት ከብዙ ካርታ ይበልጣል፣ ከፍሎፕ በኋላ ደግሞ ከምን እንደሚበልጥ አያውቅም። ፍሎፑ ላይ ከ8 የሚበልጥ ቢያንስ አንድ ካርታ የሚወጣበት ዕድል 86.7 ከመቶ ነው። ለ7-7 ወደ 92.1 ይወጣል፤ ለ9-9 79.3፣ ለ10-10 ደግሞ 69.5 ነው። በፍሎፑ ሦስተኛዋን 8 የማግኘት ዕድል 11.8 ከመቶ፣ ማለትም ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ነው። እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎፕ ላይ የምትቀመጡት ያልተሻሻለ ጥንድ ይዛችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ኪንግ ወይም ኩዊን እያያችሁ፣ አንድ ሰው ብር እየገፋባችሁ ነው።

ስለ ፕሮግራሙ አያያዝ ትንሽ እንበል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ ረድፎቹ በመቀመጫ ስም የተሰየሙ ናቸው። ይህ አንዳንዱን ያሳስታል፤ ሰው መጨረሻ የሚጫወተው ረድፍ ላይ ካርታውን ጽፎ ማስያው መቀመጫውን ያሰበለት ይመስለዋል። ስሌቱ መቀመጫ አያውቅም። የትኛውም ረድፍ ላይ ብትጽፉት ውጤቱ ያው ነው።

የካርታ አጻጻፉ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። 10 ቁጥር በአኃዝ አይጻፍም፤ በላቲኑ ‹ቲ› ፊደል ነው የሚገባው። የመጀመሪያ ቀን ‹ፕሮግራሙ አልሠራም› የሚል ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለት 8 ስትፈልጉ 88 ብላችሁ ያለ ነጥብና ያለ ሰረዝ ትጽፋላችሁ። ከኋላው የመደመር ምልክት ብታስከትሉ 8-8ንና ከዚያ የሚበልጡትን ጥንዶች በሙሉ ማለት ይሆናል። መልካቸው (በካርታው ላይ ያለው የልብ፣ የአበባ ዓይነቱ ምልክት) አንድ የሆነ ሁለት ካርታዎች ከኋላቸው ‹ኤስ›፣ መልካቸው የተለያየ ደግሞ ‹ኦ› ይጨመርባቸዋል። መጻፍ የማይወድ ሰው 13 በ13 የሆነውን ሰንጠረዥ ከፍቶ በመጫን መምረጥ ይችላል፤ ለጀማሪ ይህኛው ይሻላል። ጥንዶቹ በሰንጠረዡ ሰያፍ መስመር ላይ ይወርዳሉ፣ ባለ አንድ መልክ ካርታዎች ከመስመሩ በላይ ናቸው፣ የቀሩት ከታች። ስሌቱን በናሙና እንዲገምት ወይም ያሉትን ሁኔታዎች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲቆጥር ማዘዝ ትችላላችሁ። ሁለት ሰው ብቻ ካለ ሁሉንም ይቁጠር፤ ጊዜ አይፈጅም። አራትና አምስት ሰው በሰፊ ምርጫ ስታስገቡ ግን ናሙናው ይበቃል።

ስሌቱ የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም አይቆምም። የክረምት ማታ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ የሚያሳስባችሁ ቢኖር የባትሪው ነገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኢኩዊላብ ዋጋውን የሚያሳየው እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ነው፦ 8-8 ይዛችሁ ጨምራችኋል፤ እምብዛም የማይጨምር፣ ቁጥብ የሆነ ተጫዋች ያለውን ሁሉ አስገባ። ትከፍላላችሁ ወይስ ትጥላላችሁ?

አንደኛው ረድፍ ላይ 88 ጻፉ። ሁለተኛው ላይ ሰውየው እንዲህ ሊያደርግባቸው የሚችላቸውን ካርታዎች አስገቡ፤ ለመነሻ ኩዊን-ኩዊን፣ ኪንግ-ኪንግ፣ አስ-አስ እና አስ-ኪንግ ይሁኑ። የእናንተ ድርሻ 36 ከመቶ ገደማ ይወጣል። ይህን በእጅም ማረጋገጥ ይቻላል፣ ማረጋገጡም ጥሩ ልምምድ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ በ6 መንገድ ይመጣል፤ ሦስቱ ጥንዶች 18 ጥምረት ናቸው። አስ-ኪንግ በ16 መንገድ ይመጣል፤ 4ቱ ባለ አንድ መልክ፣ 12ቱ የተለያየ። ከሚበልጣችሁ ጥንድ ጋር ስትገናኙ ድርሻችሁ 19 ከመቶ ገደማ፣ ከአስ-ኪንግ ጋር ግን ከ52 እስከ 55 ነው። 18ቱን በመጀመሪያው፣ 16ቱን በሁለተኛው አባዝታችሁ ለ34 ብታካፍሉ ማስያው የሰጣችሁ ቁጥር ጋ ትደርሳላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ‹ሰውየው ከዚህም ሰፋ አድርጎ ይጫወታል› ብላችሁ ጃክ-ጃክንና 10-10ን ጨምሩለት። ሰፋ ስላለ የእናንተ ድርሻ ከፍ የሚል ይመስላል። ተቃራኒው ነው፤ ወደ 31 ይወርዳል። የተጨመሩት 12 ጥምረቶች በሙሉ ከ8-8 የሚበልጡ ናቸውና። ለ8-8 የሚጠቅመው የተቃዋሚው መስፋት ሳይሆን በየት በኩል መስፋቱ ነው። አስ-ኩዊን ሲጨመር ድርሻችሁ ይነሳል፣ 7-7ና 6-6 ሲጨመሩ በደንብ ይነሳል፣ ትላልቅ ጥንዶች ሲጨመሩ ይወርዳል። ይህን አንድ ነገር በዓይኑ ለማየት ብቻ እንኳ ፕሮግራሙን መጫን የሚያዋጣ ይመስለናል። በቃል ሲነገር የማያሳምን ነገር፣ ሰንጠረዡ ላይ አንዷን ሳጥን ሲነኩ ቁጥሩ ሲወርድ ያሳምናል።

ከዚያ ያ ድርሻ ከምትከፍሉት ብር ጋር ይመዘናል። ይህኛውን ማስያው አይሠራላችሁም፤ ራሳችሁ ናችሁ። ፊታችሁ 200 ብር ነበር፣ 8 ብር ጨምራችሁ ገብታችኋል፣ ሰውየው 200 አስገብቷል፣ ብላይንዶቹ 3 ብር ጥለው ወጥተዋል። ለመክፈል 192 ያስፈልጋል፤ ብትከፍሉ ፖቱ 403 ይሆናል። 192ን ለ403 ስታካፍሉ 48 ከመቶ ገደማ ነው። ያላችሁ 36 ነው፤ ጣሉ። አንድ ሰው ግን 30 ብር ብቻ ቀርቶት እሱን ቢያስገባ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ 22 ብር ከፍላችሁ 63 ብር ለሚሆን ፖት ትታገላላችሁ፣ የሚያስፈልገው 35 ከመቶ ብቻ ነው። ያው ካርታ፣ ያው ሰው፣ ሌላ ውሳኔ። ብሩ ያለቀበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኩዊን-ኩዊንና ከአስ-ኪንግ ባነሰ ካርታም ያስገባል፤ ያኔ መክፈሉ ጥርጥር የለውም።

የፕሮግራሙ ትልቁ ወጥመድ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ሬንጅ (አንድ ሰው ሊይዛቸው ይችላል የምትሏቸውን ካርታዎች ስብስብ) በመቶኛ የምትመርጡበት ተንሸራታች። አንድ ሰው ‹ከ100 ጊዜ 20 ጊዜ ይጫወታል› ብላችሁ ጎተት ስታደርጉት ማስያው ከላይ ጀምሮ ምርጥ የሚላቸውን 20 ከመቶ ካርታዎች ይሞላል። በትንሽ ብር የሚጫወት ሰው ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይጫወትም። ማንኛውንም አስ ይዞ ይገባል፣ ሁለት ሥዕል ያለበትን ሁሉ ይዞ ይገባል፣ መልካቸው አንድ ስለሆነ ብቻ 9-4 ይዞ ይገባል። ሲጨምር ደግሞ የሚጨምረው አራትና አምስት ዓይነት ካርታ ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ሬንጅ አለው፦ የሚገባበትና የሚጨምርበት። በተንሸራታቹ የተሠራ ሬንጅ ሁለቱንም አይመስልም። ሰንጠረዡን በእጃችሁ ሙሉት፤ ያያችሁትን ካርታ ብቻ፣ ያሳየውን ካርታ ብቻ።

ከዚህ የባሰው የተቃዋሚውን ረድፍ ‹ማንኛውም ካርታ› ብሎ መተው ነው። 8-8 ማንኛውንም ሁለት ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር 69 ከመቶ ድርሻ አለው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም፤ ካርታውን ሳያይ ብር የሚገፋ ሰው የለምና። ይህን 69 ይዞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው 8-8ን መጣል አይሆንለትም።

ፍሎፕ ከተዘረጋ በኋላ ፕሮግራሙ አሁንም ይሠራል፤ የተዘረጉትን ካርታዎች የምታስገቡበት ቦታ አለ። ዋጋው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ለማሰብ በሚያስገድዳችሁ ነገር ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው።

ፍሎፑ ኪንግ-7-2 ነው፣ ሦስቱም መልካቸው የተለያየ። 8-8 ይዛችኋል። ከፊት መቀመጫ ጨምሮ የገባው ቁጥብ ተጫዋች በ20 ብር ፖት ላይ 14 ብር አስገባ። የነበረውን ሬንጅ ከ10-10 እስከ አስ-አስ ያሉ ጥንዶች፣ አስ-ኪንግ፣ አስ-ኩዊን እና ባለ አንድ መልክ ኪንግ-ኩዊን እንበለው። ቁጠሩ፦ 10-10፣ ጃክ-ጃክና ኩዊን-ኩዊን እያንዳንዳቸው 6፣ በድምሩ 18። አስ-አስ 6። ኪንግ-ኪንግ ግን 3 ብቻ፣ አንዱ ኪንግ ጠረጴዛ ላይ ነውና። አስ-ኪንግ በዚያው ምክንያት 16 ሳይሆን 12። ባለ አንድ መልክ ኪንግ-ኩዊን 3። አስ-ኩዊን 16። ድምሩ 58 ጥምረት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እናንተ የምትበልጡት 16ቱን ብቻ ነው፤ አስ-ኩዊንን። ማስያው 27 ከመቶ ገደማ ድርሻ ይሰጣችኋል። መክፈል የሚያዋጣው 14ን ለ48 አካፍላችሁ 29 ከመቶ ሲኖራችሁ ነው።

ልዩነቱ 2 ከመቶ ነው፤ ‹ምን ቸገረኝ፣ ልክፈል› ያሰኛል። ማስያው የማይነግራችሁ ቀጥሎ ያለውን ነው። 27 ከመቶ የሚሆነው ተርንና ሪቨር (አራተኛውና አምስተኛው የጋራ ካርታ) ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢዘረጉ ነው። ሰውየው ግን ተርን ላይ እንደገና ያስገባል፤ ያኔ አስ-ኩዊን ከሬንጁ ይወጣል፤ ቁጥብ ሰው ምንም ሳይነካው ሁለተኛ ጊዜ 40 ብር አይገፋምና። አስ-ኩዊን ሲወጣ እናንተ የምትበልጡት ምንም አይቀርም። የቀራችሁ ሁለት 8 ብቻ ነው፤ ተርን ላይ የመምጣታቸው ዕድል ከ47 ካርታ 2፣ 4.3 ከመቶ ገደማ፤ ሁለቱንም ካርታ ብታዩ እንኳ 8.4። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ፍሎፕ ላይ መጣል ነው። አንዴ ከፍሎ ተርን ላይ መጣል ብዙ ሰው ‹መሐል መንገድ› የሚለው ነው፤ በዚህ ሰው ላይ ግን የ14 ብር ስጦታ ነው።

አሁን ሰውየውን ለውጡት። ያው ፍሎፕ፣ ያው 14 ብር፣ ግን ያስገባው ያገኘውን ጥንድ ሁሉ የሚገፋ ሰው ነው። በፊተኛው ሬንጅ ላይ 4-4፣ 5-5ና 6-6ን ጨምሩ፤ 18 ጥምረት። ባለ አንድ መልክ አስ-7 ጨምሩ፤ 3። ባለ አንድ መልክ 7-6 ጨምሩ፤ 3። ድምሩ 82 ይሆናል፣ እናንተ የምትበልጡት ደግሞ 40ውን ነው። ግማሽ በግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው። መጣል አያስፈልግም፤ ከፍላችሁ ተርንን እዩ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው በሬይዝ (ያስገባውን ብር ከፍ በማድረግ) ማባረርም ሞኝነት ነው፤ ከእናንተ ያነሰውን አስወጥታችሁ የሚበልጣችሁን ታስቀራላችሁ።

ሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ካርታው አልተለወጠም፣ ፍሎፑ አልተለወጠም፣ ብሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ሁለተኛው ረድፍ ላይ የጻፋችሁት ነው። ለዚህ ነው ኢኩዊላብን ‹መልስ ሰጪ› አድርጎ የሚሸጥ ሰው ሲገጥማችሁ አትመኑት የምንለው። ያስገባችሁትን ምኞት በሁለት ነጥብ አኃዝ አሳምሮ ይመልስላችኋል።

ሦስተኛው ሁኔታ፣ ያ ምንም አይረዳም ያልነው፣ እንዲህ ነው። ሰው ጨምሯል፤ የእናንተ 8-8 ምናልባት ወደኋላ ነው፤ ግን ብዙ ብር ፊታችሁ አለ፣ ፊቱም አለ። ከፍላችሁ ገብታችሁ ሦስተኛ 8 ከወጣ ትልቅ ፖት ትወስዳላችሁ፣ ካልወጣ ትጥላላችሁ። ማስያው ይህን ሊያሰላ አይችልም፤ እሱ የሚያውቀው አሁን ያለውን ካርታ እንጂ ወደፊት የሚገባውን ብር አይደለም። 8-8 ከአስ-አስ ጋር ብታስገቡ 19 ከመቶ ገደማ ብሎ ይመልስላችኋል፤ እውነት ነው፣ ግን 200 ብር ፊቱ ያለ፣ አስ-አስን በምንም ዓይነት የማይጥል ሰው ላይ 8 ብር ከፍሎ መግባት ጥሩ ንግድ መሆኑን አይነግራችሁም።

ይህን በወረቀት ነው የምትሠሩት። ሦስተኛዋን ካርታ ፍሎፕ ላይ የማግኘቱ ዕድል 7.5 ለ1 (7.5 ጊዜ ሳትመጣ አንዴ የምትመጣ) ስለሆነ፣ በተገኘች ጊዜ በአማካይ የከፈላችሁትን 7.5 እጥፍ ብታገኙ ገና ኪሳራና ትርፍ እኩል ነው። ሁልጊዜ ግን አይከፈላችሁም፤ ሰውየው አስ-ኪንግ ይዞ ፍሎፑን ስቶት ይጥላል፤ አልፎ አልፎም ሦስት 8 ይዛችሁ በሦስት 10 ትሸነፋላችሁ። ስለዚህ በተለምዶ የሚባለው ለመግባት የምትከፍሉት ቢያንስ 15 እጥፉ፣ ይመረጣል 20 እጥፉ፣ በሁለታችሁም ፊት ይኑር ነው። ከሁለታችሁ ያነሰው ነው የሚቆጠረው፤ እናንተ 400 ኖሯችሁ እሱ 60 ብር ካለው፣ ያለው 60 ነው። ሌላው አባባል በመቶኛ ነው፦ ከብራችሁ ከ5 ከመቶ በታች ከሆነ ግቡ፣ ከ10 በላይ ከሆነ ጣሉ፣ በመካከል ከሆነ ሰውየውን እዩ።

በመካከል ያለው ነው እንግዲህ የሚያጣላው። ጨምራችሁ 8 ብር አስገብታችኋል፤ ሰውየው እንደገና ወደ 24 ከፍ አደረገው። ሁለታችሁም በ200 ብር ነው የተነሳችሁት። መክፈል ያለባችሁ 16 ብር፣ ከቀራችሁ 192 ላይ 8.3 ከመቶ ነው። 16ን በ7.5 ስታባዙ 120። ፖቱ ውስጥ 35 ብር አለ፤ የቀረው 85 ብር ከሰውየው ኪስ መውጣት አለበት፣ የቀረው ደግሞ 176 ነው። ሦስተኛዋ 8 በመጣች ቁጥር በአማካይ የቀረውን ብር ግማሽ ያህል ታስከፍሉታላችሁ? ትላልቅ ጥንዶችን ብቻ ይዞ እንደገና የሚጨምርና ጥንዱን መጣል የማይወድ ሰው ከሆነ አዎ። አስ-ኪንግና አስ-ኩዊን የሚያበዛ ከሆነ አይ። እናንተ ቀድማችሁ የምትጫወቱ ከሆነም ጉዳዩ ይጠብባል፤ ሦስተኛዋ ስትመጣ ብሩን ለመሰብሰብ ይከብዳል።

ወደ 32 ብር ከፍ ቢያደርገው ግን ማሰብም አያስፈልግም። 24 ብር መክፈል ነው፤ 180 ይፈለጋል፣ ፖቱ 43 አለው፣ ከቀረው 168 ብር 137ቱን ማግኘት አለባችሁ። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ጣሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታከል። ቤቱ ከየፖቱ ለቡና የሚቆርጥ ከሆነ ይህ ሒሳብ ይጠብባል። የቡና አገር ነውና አይከፋንም፤ ከየፖቱ 2 ብር የሚነሳ ከሆነ ግን በመሐል ያሉትን ውሳኔዎች ወደ መጣል አዘንብሏቸው። ብር ሳይገባ በጀንፈል ፍሬ የሚጫወቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፦ ፍሬው ዋጋ ስለሌለው ሰው አይጥልም፣ ስለዚህ የማስፈራራት ጥቅም ይጠፋና ሦስተኛዋን ካርታ መጠበቅ ብቻ ይከፍላል። ለመለማመጃ ይህ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም የሁለተኛውን ዓይነት ተጫዋች ሬንጅ ለመሙላት ጥሩ ማሳያ ነው።

ብዙ ሰው ሲገባ ያለውን ነገር ማስያው በጥሩ ያሳያል፤ ረድፍ በረድፍ ተጫዋች ጨምሩና የ8-8 ድርሻ እንዴት እንደሚሟሟ እዩ። አምስት ሰው ሳይጨምር ገብቶ ፍሎፕ ላይ ኩዊን-ጃክ-5 ከወጣ፣ ከፊት አንዱ አስገብቶ ሁለተኛው ከከፈለ፣ ሬንጅ ቁጠራ ውስጥ አትግቡ። ሁለት ሰው ሁለቱም ምንም ሳይዙ ብር የሚያስገቡበት ጠረጴዛ እምብዛም ነው። ሪቨር ላይ ዝምተኛው ሰው በድንገት ሬይዝ ሲያደርግም እንዲሁ፤ በትንሽ ብር ጨዋታ የሪቨር ሬይዝ ማለት ካርታ አለ ማለት ነው፣ ያልተሻሻለ 9-9 ደግሞ ያንን አይበልጥም።

ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው መለማመጃ ሊናቅ አይገባም። ሁለት እጅ ያሳያችኋል፣ ድርሻውን ትገምታላችሁ፣ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይነግራችኋል። በቀን አሥር ደቂቃ ለጥቂት ሳምንታት የሠራ ሰው ‹ጥንድ ለሁለት ትልልቅ ካርታ› እና ‹ጥንድ ለትልቅ ጥንድ› የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ሳያስብ ይናገራል፤ ከዚህ በላይ በቃል መያዝ የሚያስፈልገው ነገርም ብዙ አይደለም።

በሌሎቹ ላይ አንድ ሁለት ቃል። ፖከርስቶቭ የሚባለው የቀደመ ማስያ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ገጹ ግን ያረጀ ነው፤ ኢኩዊላብ ካለ ምክንያት የለውም። ፍሎፕዚላ በክፍያ ነው፤ አንድ ሬንጅ በአንድ ፍሎፕ ላይ ምን ያህል ጊዜ ጥንድ እንደሚነካው፣ ምን ያህል ጊዜ ባዶ እንደሚቀር ያሳያል። ከላይ በእጅ የቆጠርነውን 58ቱን ጥምረት በአንድ ጊዜ ይከፋፍላል። ለመካከለኛ ጥንድ ከፍሎፕ በኋላ ላለው ውሳኔ በእውነቱ ከኢኩዊላብ የተሻለ እሱ ነው። በ2 ብር ብላይንድ ለሚጫወት ሰው ግን በዶላር ከፍሎ መግዛቱ አይታየንም፤ ቆጠራውን በወረቀት መሥራት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በዚያ ላይ በእጁ የቆጠረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ማስያ መቁጠር ይችላል።

ስልክ ብቻ ላለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ጊቢም ይሁን ዋናው ጊቢ፣ የጓደኛ ላፕቶፕ አንድ ማታ ይበቃዋል። የሚያስፈልጉትን ሰንጠረዦች አውጥቶ ጊቢው በር ላይ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ገጽ ላይ ማሳተም ነው። ገጹ ላይ እንዲህ ያሉት ይኑሩ፦ አራቱ ጥንዶች ከኩዊን-ኩዊን በላይና ከአስ-ኪንግ ጋር ያላቸው ድርሻ፤ ያው ሬንጅ ጃክ-ጃክና 10-10 ሲጨመርበት፤ ያው አስ-ኩዊን ሲጨመርበት፤ በፍሎፑ የሚበልጣቸው ካርታ የመውጣት ዕድል፤ ከታች ደግሞ የ7.5 እጥፉ ሒሳብ ለ8፣ ለ16ና ለ24 ብር ክፍያ። ወረቀቱ ቤት ይቀመጥ። ጨዋታ መሐል ላፕቶፕ ወይም ወረቀት አውጥቶ ማየት ጠረጴዛውን ያበላሻል፤ ሰው ሁለተኛ አይጠራችሁም።

በዳር ያሉትን ሁለት ጥንዶች ብዙ ሰው ከመካከለኞቹ ይደባልቃቸዋል። ጃክ-ጃክ ላይ ከ100 ፍሎፕ በ57ቱ ብቻ ነው የሚበልጥ ካርታ የሚወጣው፤ ስለዚህ ከፍሎፕ በፊት አንድ ጊዜ ተጨመረብኝ ብሎ መጣል አይገባም፤ ከላይ ያለውን የ36 ከመቶ ዓይነት ስሌት የሚፈልገው ያለ የሌለው ሲገባ ብቻ ነው። 6-6 ደግሞ በ95.8 ከመቶ ፍሎፖች ላይ የሚበልጠው ካርታ ያያል፤ እሱን ከ8-8 ጋር ሳይሆን ከ3-3 ጋር መድቡት፦ 15 እጥፉ ካለ ግቡ፣ ሦስተኛዋ ካልመጣችና ሰው ካስገባ ጣሉ፣ ማስያውንም ለሱ ብላችሁ አትክፈቱት።